የቅሬ ድንኳን፣ ሶላትና ቅዳሴ በትንፋሽ ወረርሽኝ ጊዜ፦ ከመርጫው በፊት የድንኳኑን ጎን ስቀሉ

ጥያቄው፦ «በደሴ ዙሪያ የአንድ ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። 140 አባወራ አለን፤ እስላምም ክርስቲያንም ነው። በኮሮና ጊዜ መመሪያው በሬዲዮ ደረሰን፣ እንዴት እንደምናደርገው ያሳየን ግን አልነበረም። ግማሹ ሰው ፈርቶ ቀረ፣ ግማሹ እንደ ድሮው ተቃቅፎ አለቀሰ። እስራኤል አገር ያለች እህቴ እዚያ ምኩራብ ተዘግቶ ሰው በየበረንዳው ቆሞ ይጸልይ ነበር ትለኛለች። እንዲያ ያለ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ዳግመኛ ቢመጣ ለቅሶው፣ ሶላቱ፣ ቅዳሴው፣ ወዳጃው (ጫት እየተቃመ፣ መንዙማ እየተባለ የሚደረገው የዱዓ ስብሰባ) በምን መልክ ይሁን? ትንሽ ተቀማጭ አለን፤ የቅሬው ዳኛ (መሪያችን) የመድኃኒት መርጫና ግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ ይገዛ ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦

መርጫውም መለኪያውም ይቅርባችሁ። ከሁለቱም የሚበልጥ መሣሪያ በቅሬው ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ድንኳኑ ነው። ጎኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ እስከተሻገረው ድረስ የሚስተካከለው የለም። አራቱም ጎኑ ወርዶ ከተወጠረ ደግሞ በሽታ እንደ እሱ የሚመቸው ቦታ የለም። ያለችውን ተቀማጭ ለጀሪካን፣ ለሳሙና፣ ለጭምብልና ለአንድ ድምፅ ማጉያ አውሏት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ ሰው ምክንያቱ ያልገባውን ሕግ ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠብቅምና።

የታመመ ሰው ሲተነፍስና ሲናገር፣ ይልቁንም ድምፁን አውጥቶ ሲያዜም፣ ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጣው ርጥበት አንድ ዓይነት አይደለም። ትልልቁ ነጠብጣብ አንድ ሁለት ሜትር ሳይሄድ መሬት ይወድቃል። ደቃቁ ግን አይወድቅም፤ እንደ ዕጣን ጢስ ይንሳፈፋል፣ በተዘጋ ቤትም ለረጅም ሰዓት ይቆያል። በሩቅ የተቀመጠው ሰው የሚታመመው በዚህ በሁለተኛው ነው። በኮሮና መጀመሪያ ዓለም ሁሉ ዓይኑን እጅና ዕቃ ላይ ተክሎ ስለነበር ይህ ነገር ዘግይቶ ነው የተስተዋለው። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በስካጂት አውራጃ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2020 አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማመደ። ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። በሽታውን ይዞ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር ተብሎ ነው የሚታመነው። እጃቸውን አልታጠቡም ለማለት አይደለም የማነሳው፤ የእጅ ማጽጃ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ቤቱ ዝግ ነበር፣ ሰዓቱ ረጅም፣ ድምፁም ከፍ ያለ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙበትን ቦታ በሰፈራችሁ ፈልጉ፤ ሥራችሁ እዚያ ይጀምራል።

እህትዎ የነገረችዎት እውነት ነው። በአይሁድ ሥርዓት የማኅበር ጸሎት እንዲቆም 10 ለአቅመ ጸሎት የደረሱ ሰዎች መሟላት አለባቸው፤ ሥርዓቱ ራሱ ሰውን ያሰባስባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ምኩራቦች ሲዘጉ ጎረቤታሞች በረንዳ ለበረንዳ እየተያዩ አሥሩን ሞሉ፤ ሌሎች በግቢና በመኪና ማቆሚያ ጸለዩ። ጸሎቱን በስልክ መስኮት ማየትም ለአጥባቂዎቹ በሰንበት መፍትሔ አልሆነም፤ በሰንበት መብራትና መሣሪያ አይነኩምና። የተመረኮዙበት ሕግ «ፒኩዋሕ ኔፌሽ» ይባላል፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንኳ ይሽራል ማለት ነው። በቤታቸው መቃን ላይ የሚለጠፈውን መዙዛ በገቡ በወጡ ቁጥር በእጃቸው ነክተው መሳም ልማዳቸው ነው፤ ያኔ የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ዳቪድ ላው በዚያው ዓመት እንዳትነኩት ብለው አዘዙ። የእኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን በር ሲሳለም እንዲሁ ነው። መቼም የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም፦ ቤተ እስራኤላውያን በአገራችን ሳሉ የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ»፣ ካህናቸውን «ቄስ» ነበር የሚሉት። ከዚያው «ሰገደ» ከሚለው ቃል የወጣው የስግድ በዓላቸው፣ ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ላይ ወጥተው ሜዳ ላይ የሚያከብሩት ነው። ሥርዓቱን ሳያጎድሉ ቦታውን ወደ ውጭ ማውጣት እንግዲህ ለየትኛውም ሃይማኖት ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬው። ዳኛው አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባው ግዢ ሳይሆን የቀሪ ቅጣትን ማንሳት ነው። ለቅሶ መቅረት በሰፈር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ሰው እያሳለው፣ እያተኮሰው ተነሥቶ የሚመጣው ስሙ ሲጠራ «የለም» እንዳይባል ነው፤ ወረርሽኙን ድንኳን ውስጥ የሚያስገባው ይሄ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ገና በሽታው ሳይመጣ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፦ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ ቤቱም እንዲህ ያለ በሽተኛ የተኛበት ሰው ቢቀር አይቀጣም፤ ቢመጣ ግን ይመለሳል። ሰው ውለታ ያለበት መስሎ እንዳይሰማው የቀረበትን በኋላ በእንጨት ፈለጣ ወይም በውሃ ቅጂ ይክፈል። ሁለተኛው ውሳኔ የእርስዎ መዝገብ ነው። ስም ትጠራላችሁ አይደል? ከስሙ ጎን የመጣበትን ሰዓት ይጻፉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ለቀስተኛ በበሽታው ቢገኝ፣ አብረውት በዚያ ሰዓት የተቀመጡትን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ ገጽ ትሰጧታላችሁ። ይህን የሚያህል መረጃ ጤና ጣቢያው በራሱ አያገኝም።

የሙቀት መለኪያውን ነገር እግረ መንገዴን ልጨርሰው። የኮሮና በሽተኛ ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ትኩሳት የለውም። መለኪያው ደግሞ የሚያነበው የግንባር ቆዳን ነው። ከጦሳ ተራራ በሚወርደው የጠዋት ብርድ ተመትቶ የመጣ ሰው ቢያተኩሰውም ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የቆየ ጤነኛ ደግሞ ከፍ ይላል። በር ላይ የቆመው ልጅ «ደህና ነህ፣ ግባ» ማለቱ ሰውን ያዘናጋል፤ ያ ከጥቅሙ ይብሳል።

ድንኳኑ እንዴት ይተከል? የቅሬ ድንኳን ብዙውን ጊዜ 5 በ10 ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ 50 ካሬ ሜትር። ሰዎች በሁለት የአዋቂ እርምጃ፣ በ2 ሜትር ይራራቁ ከተባለ እያንዳንዱ 4 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ድንኳኑ የሚችለው 12 ሰው ነው። ይህ ቁጥር ሲነገር ሁሉም ይደነግጣል፣ «ለ140 አባወራ 12 ሰው?» ይላል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ከየቤቱ አንድ ሰው ቢመጣ፣ 12 በ12 እየገባ 15 ደቂቃ ቢቀመጥ፣ 12 ዙር ይሆናል፤ 3 ሰዓት ነው። ሁሉም በአንድ ጥዋት ደርሶ ይወጣል፣ ማንም አይቀርም። የሚያስፈልገው መንደር በመንደር ሰዓት መመደብና ጥሩምባ ነፊው መርዶውን ሲናገር ሰዓቱን ጨምሮ እንዲናገር ማድረግ ነው። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ይገባል፣ ቡና ይቀርባል፣ አይነሣም። ቡናና ምግብ ድንኳን ውስጥ ካልቀረበ ሰው በራሱ ይነሣል።

ድንኳኑን ስትተክሉ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አፈር በትናችሁ እዩ። ነፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለቱ ትይዩ ጎኖች እስከ ጣሪያው ይሰቀሉ፤ አንዱን ብቻ መስቀል አይጠቅምም፣ አየሩ ገብቶ ይታጠፋል እንጂ አያልፍም። አዛውንቶችና የስኳር፣ የልብ፣ የአስም ሕመም ያለባቸው ነፋሱ በሚገባበት በኩል ይቀመጡ፤ እነሱን አልፎ ወደ ሌላው እንዲሄድ እንጂ የሌላውን ትንፋሽ እንዳያመጣባቸው። «ብርድ ይመታናል» የሚል ይነሣል፣ ልክ ናቸው፣ የደሴ ብርድ ቀልድ አይደለም። ጋቢ ይደራረብ፣ ጎኑ ግን አይወርድም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከሚገርፍበት ጎን ሸራው እስከ ግማሽ ይውረድ፣ ሌሎቹ ክፍት ይቆዩ። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው ቆላ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ቢሠራ ከድንኳንም ይሻላል።

የለቅሶው ጠባይ የራሱ ችግር አለው። አልቃሿ ስታወርድ፣ ሙሾው ሲቀባበል፣ ሰው ጮኾ ያለቅሳል፤ ከመዝሙር አይለይም። ጭምብል ያደረገም ቢሆን በእንባና በንፍጥ ይርሳል፣ የረጠበ ጭምብል ደግሞ ትንፋሹን በጎን በጎኑ ይለቀዋል። ስለዚህ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በሰው ሦስት አራት መቀያየሪያ ይሰጥ፤ የረጠበው በፌስታል ይሰብሰብ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ባለ ሦስት ድርብ ጨርቅ ሆኖ አፍንጫንም አፍንም ገጥሞ መያዝ አለበት። ነጠላ አፍ ላይ ጣል ማድረግ ጭምብል አይደለም፤ ሁለቴ ታጥፎ እስካልታሰረ ድረስ ሲናገሩ ይወርዳል። አብረው የሚኖሩ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ቢያለቅሱ ምንም አይጨምርም፣ ድሮም አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ከውጭ የመጣው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ይንሣ። ወሎ ውስጥ ሲጀመርም ትልቅ ሰው እንዲህ እጅ ይነሣልና ነውር አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ አብዛኛው ምዕመን ድሮም በቅጥር ግቢው፣ በዛፍ ጥላ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በሮቹ በየአቅጣጫው ስለሆኑ የወንዱም የሴቱም መግቢያ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ነፋሱ ተሻግሮ ያልፋል። የሚያሳስበው የውስጡ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ በመቋሚያና በጸናጽል የሚያድሩት ሊቃውንት፣ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ። ማኅሌቱ ወደ ግቢው ቢወጣ ጥሩ፤ ካልወጣ ቁጥሩ ይቀነስ፣ በሮቹ አይዘጉ። መስቀል በመሳለም ፈንታ ካህኑ ከርቀት ይባርኩ። ጸበሉን ሰው በየራሱ ኩባያ ይቀበል፤ አንድ ጣሳ ለሁሉ ማዞር ይቅር። የቁርባኑ ነገር የጤና ባለሙያ የሚቆርጠው አይደለም፣ ለአባቶች ይተው። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፦ በአልኮል የተሠራ የእጅ ማጽጃ ይነዳል። እጁን አሽቶ ሳይደርቅ ጧፍ የሚያበራ ሰው እጁ ይቃጠላል። በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ «ይድረቅ» ይበል፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ጧፍ ለሚበራበት ቦታ ግን ውሃና ሳሙና ይመረጣል።

መስጊድ ላይ ውዱ ከቤት አድርጎ መምጣት፣ የራስን መስገጃ ይዞ መምጣትና ይዞ መመለስ፣ ምንጣፉን መጠቅለል ነው ቀላሉ። ምንጣፉ የሚጠቀለለው በሽታ ስለሚያበቅል አይደለም፤ ባዶ ወለል ላይ ምልክት ማድረግና መጥረግ ስለሚቀል ነው። አንድ ሰጋጅ ሱጁድ ለመውረድ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ርዝመት ይፈልጋል፤ ግቢው ላይ በኖራ ስታሰምሩ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ተዉና ከዚያ በላይ የሚራራቁበትን አስሉ። የፊቱ ሶፍ (ረድፍ) ክፍት በተወው ቦታ ትይዩ የኋላው ሰው ቢቆም ሁሉም የፊቱ አየር ክፍት ይሆንለታል። ሶፍ መራራቁ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ዑለማዎች ይመልሱ፤ እኔ የምለው በመካ ሐረም ሳይቀር እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ሰው ተራርቆ መስገዱን ነው። የጁምዓው ኹጥባ (ስብከት) ያጥር። ድምፅ ማጉያ ኑሮት ኢማሙ በለሆሳስ ቢናገሩ ከጉሮሮ የሚወጣው በብዙ ይቀንሳል፤ ማይክሮፎኑ በማቆሚያ ይቁም እንጂ ከእጅ እጅ አይዙር።

የሁሉም አስቸጋሪ ወዳጃው ነው፤ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በሩ አንድ ነው፣ መስኮቷ ለብርድ በጨርቅ ተወትፋለች። ከሰል ይነዳል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጫቱ እየተቃመ ጭምብል ማድረግ አይቻልም፤ ለመንዙማው አፍ ይከፈታል፣ ድቤው ሲጎላ ድምፁም ይጎላል፤ ከአቦል እስከ በረካ፣ ከበረካም ወዲያ ሰዓቱ ይነጉዳል። የስካጂቱን ነገር መለስ ብለው ያስቡ፦ ዝግ ቤት፣ ረጅም ሰዓት፣ ከፍ ያለ ድምፅ። ወረርሽኙ በሰፈሩ ውስጥ እያለ ወዳጃው ቤት ውስጥ አይደረግ ባይ ነኝ። ዱዓው ግን ይደረግ፤ ከአስር ሶላት በኋላ በግቢው፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሰው የየራሱን ጫትና ውሃ ይዞ፣ መንዙማውን አንድ ሰው ብቻ ከሰው ራቅ ብሎ እያለ ሌላው በለሆሳስ እየተቀበለ።

ቤት ውስጥ ይሁን ተብሎ ከተወሰነ ግን ቤቱን ፈትኑት። ፈተናው ወጪ የለውም። ሰው ሳይገባ በሩንና መስኮቱን በተለመደው ሁኔታ አድርጉ፤ የዕጣን ማጨሻውን መሀል ወለል ላይ አኑሩ፣ አንድ ቁንጥር ዕጣን ጣሉና ወለል ላይ ቁጭ ብላችሁ በስልክ ባትሪ ጢሱን ተከተሉት። ወደ ጣሪያ ወጥቶ ተዘርግቶ ከቀረ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም ከባትሪው ብርሃን ውስጥ ካልጠፋ፣ የሰውም ትንፋሽ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን ትይዩውን መስኮት ክፈቱና ድገሙት። ጢሱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተሳበ ሲወጣ ይታያችኋል፤ የሚሽከረከርበትና የማይወጣበት ጥግም ይታያል። እዚያ ጥግ ማንም አይቀመጥ። ኮርኒስ በሌለው ቤት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ለብርድ በማዳበሪያ ከረጢት ይደፈናል፤ ንቀሉት፣ ሞቃት አየር የሚወጣው በዚያ ነው። ለመነሻ የሚከፈተው የመስኮትና የበር ስፋት የወለሉ ስፋት ለሃያ ተከፍሎ አንዱን እጅ ያህል ይሁን፤ 5 በ8 ሜትር ለሆነ ክፍል 2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዕጣኑ ራሱ በሽታ ይገድላል የሚሉ አሉ፤ አይገድልም፣ እዚህ የሚያገለግለን መንገድ ለማየት ብቻ ነው። ከሰሉ ደግሞ በተዘጋ ቤት የራሱ መርዝ አለው፣ ራስ የሚያዞረው እሱ ነው፤ ቢቀላም መርዙ አይለቀውምና ደጅ ይቆይ። ይህ ሁሉ ወረርሽኙ ሲያልፍም ከንቱ አይሆንም፤ ሳንባ ነቀርሳም በዚሁ በተዘጋ ቤት አየር ነው የሚተላለፈው፣ እሱ ደግሞ ወቅት አይጠብቅም።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው እንጀራውን ነው። ትሪውን ከብበው ፊት ለፊት፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጭምብል አውልቀው እያወሩ መብላታቸው ነው እንጂ እንጀራው አይደለም። እዝኑ ከየቤቱ ይምጣ፣ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ይብላ፤ ለቀስተኛው ዳቦ ወይም ቆሎ በወረቀት ተጠቅልሎለት ይዞ ይሂድ። ተዝካሩም ሰደቃውም ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ ሟቹ አይቀየምም። ሲኒ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ማጠብ አይባልም፤ በሳሙና ታሽቶ በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ።

እጅ መታጠቢያውን ቀበሌ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። 5 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት ባላ፣ አንድ ሸንበቆ፣ ገመድ ነው የሚፈልገው። 2 ሜትር የሆኑትን ባላዎች ግማሽ ሜትር ቀብራችሁ ሸንበቆውን በጀሪካኑ እጀታ አሳልፉና አጋድሙት። ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር ይበሳ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ውሃው በግማሽ ቀን ያልቃል። ከክዳኑ አንገት የወረደው ገመድ መሬት ላይ ካለች ዱላ ጋር ይታሰር። ዱላዋን በእግር ሲረግጧት ጀሪካኑ ያጋድላል፣ እጅ ምንም አይነካም። ከሥሩ ጠጠር ይፍሰስ፣ አለዚያ በሁለት ቀን ጭቃ ሆኖ ሰው ይሸሸዋል። ድፍን ሳሙና ይጠፋል፤ 30 ግራም ዱቄት ሳሙና በ1 ሊትር ተኩል ውሃ ሟሙቶ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢሰቀል ማንም አይወስደውም። ለናንተ አራት ይበቃችኋል። ችግሩ መሥራቱ ላይ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ውሃ የሚሞላው ሰው በስም ይመደብ፤ 150 ሰው ሲገባና ሲወጣ በግማሽ ሊትር ሒሳብ በቀን 150 ሊትር ነው።

በረኪናው መወልወያ ይሁን፣ በጨርቅ፤ እጅ የሚበዛበትን እጀታ፣ ቧንቧ፣ አግዳሚ ብቻ። መጀመሪያ አቧራው በሳሙና ይነሣ፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ይጨመርና ጀሪካኑ በውሃ ይሙላ፤ ተወልውሎ 10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ያልቅ፣ ነገ አይሠራም። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪናም ደክሟል። ሰው ላይ መርጨት ፈጽሞ አይደረግ፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ያፍናል።

ቀብር ላይ በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አትወስኑ፤ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። እንደ ኮሮና ያለው ከሬሳ የመተላለፍ ዕድሉ ትንሽ ነው። አጣቢና ገናዥ ሁለት ሦስት ሰው፣ ጓንት፣ ጭምብልና ውሃ የማያሳልፍ ልብስ ይዘው፣ ክፍሉን ከፍተው ሥርዓቱን ሊያደርሱ ይችላሉ። ዘመድ አይሳም፣ አይታቀፍ። ኮሌራና ኢቦላ ግን ሌላ ናቸው፤ ያኔ የሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ማንም እጁን አይስደድ። መታጠብ ባልተቻለበት ተየሙም (በውሃ ፈንታ በንጹሕ አፈር የሚደረገው) ይበቃል ወይ የሚለውን ሸኽዎቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሬሳ ተጋድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ጀናዛውም ፍትሐቱም ድሮም ደጅ ነው፣ እዚያ ብዙ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ቀባሪውን ጭኖ የሚመለሰው አይሱዙና ሚኒባስ ነው። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚሄደውም እንዲሁ፤ አምባው ላይ ያለው ነፋስ ማንንም በሽታ አያስይዝም፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሰዓታት የሚጓዘው አውቶቡስ ግን ያስይዛል። «ነፋስ መታኝ፣ ዝጋው» የሚለውን ሰው ማሸነፍ ካልቻላችሁ ቢያንስ የፊትና የኋላ አንዳንድ መስኮት ክፍት ይቆዩ።

በ2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ብዙ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። 26 ቀን ነበር በመሀሉ፤ በ26 ቀን ውስጥ ደንብ ማርቀቅም ባላ መቁረጥም ይደረሳል፣ ሸራ መስፋት ግን ሁሉም በአንዴ ሲፈልግ ሰፊ አይገኝም። የቅሬያችሁን ድንኳን በዚህ ወር አውጥታችሁ ዘርጉት። ጎኖቹ ከጣሪያው ጋር በስፌት የተያያዙ ከሆነ መሰቀያ የላቸውም ማለት ነው። ሸራ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ በየአንድ ሜትሩ ከላይ የገመድ ቀለበት፣ ከታች ማሰሪያ ያስገቡበት። አጣጥፋችሁ ስትመልሱት ገመዱን እዚያው እንደታሰረ ተዉት።